ትራምፔትና የመንግሥት ደመወዝ፦ የኦርኬስትራ ትራምፔት ተጫዋች ሙያ ከሐረር እስከ ጅግጅጋ

በኢትዮጵያ የሙዚቃ ታሪክ ትራምፔት በመንፋት የኖረ ሰው፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። መሣሪያውን የሚያቀርብለት፣ መምህሩን የሚቀጥርለት፣ የደንብ ልብሱን የሚያሰፋለትና በየወሩ ደመወዙን የሚከፍለው ክቡር ዘበኛ፣ ምድር ጦር፣ ፖሊስ፣ ማዘጋጃ ቤት ወይም በመንግሥት የሚተዳደር ቴአትር ቤት ነበር። ድምፃዊ በግሉ ሸክላ አስቀርፆ ሊታወቅ ይችላል፤ ክራር ተጫዋችም በድግስና በምሽት ቤት ሊተዳደር ይችላል። ትራምፔት ግን በባሕርይው ብቻውን የሚቆም መሣሪያ አይደለም። ከጎኑ ሌላ ትራምፔት፣ ከፊቱ ሳክስፎን፣ ከአጠገቡ ትሮምቦን፣ ከኋላው ከበሮ ይፈልጋል። ይህን ሁሉ ሰው ለዓመታት አሰልፎ ማቆየት የሚችል ቀጣሪ በአገሪቱ ከመንግሥት በቀር እምብዛም አልነበረም።

ጉዳዩ ለጅግጅጋና በሶማሌ ክልል ሰሜናዊ ክፍል ለሚገኙ ከተሞች የራሱ የሆነ ትርጉም አለው። ጅግጅጋ የምትገኘው በሦስት የሙዚቃ ዓለሞች መካከል ነው። በምዕራብ፣ ከካራማራ ማዶ፣ የሦስተኛ ክፍለ ጦር ጠቅላይ መምሪያ የነበረባት ሐረር አለች። በምሥራቅ፣ ከቶጎ ውጫሌ ባሻገር፣ ሬዲዮ ሐርጌሳ የተቋቋመባት ከተማ ትገኛለች። በሰሜን ደግሞ በሽንሌ፣ በአይሻና በደወሌ በኩል የሚያልፈው የባቡር መስመር ጂቡቲ ያደርሳል። በሦስቱም አቅጣጫ ብዙ ሰው የያዘውን የሙዚቃ ቡድን ያቆመው የመንግሥት በጀት ነው። በሐረርና በሐርጌሳ በኩል ደግሞ ሠራዊቱ ወይም መንግሥቱ ሲፈርስ ሙያው አብሮ ተበትኗል።

የትንፋሽ መሣሪያና የመንግሥት ሥልጣን ግንኙነት ከትራምፔት መምጣት በእጅጉ ይቀድማል። በጎንደር ዘመንም ሆነ ከዚያ በኋላ መለከት፣ እምቢልታና ነጋሪት የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ምልክቶች ነበሩ። አንድ ሹም በስንት ነጋሪት እንደሚታጀብ የሹመቱ ደረጃ ይናገር ነበር። እምቢልታ ነፊዎች በቡድን ይቆማሉ፤ እያንዳንዳቸው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ይዘው በየተራ በመንፋት ዜማውን ይሞላሉ። ከመካከላቸው አንዱ ቢጎድል ዜማው ይጎድላል። ይህ አሠራር ከዘመናዊ ኦርኬስትራ የትንፋሽ ክፍል አሠራር ጋር ያለው ቅርበት የሚያስገርም ነው። ሶማልኛ ተናጋሪው ኅብረተሰብም "ቡን" ብሎ የሚጠራው የሚነፋ መሣሪያ አለው።

ዘመናዊው የነሐስ መሣሪያ ወደ አገሪቱ በብዛት የገባው ከዐድዋ ድል በኋላ ነው። ከ1888 ዓ.ም ድል ማግሥት የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ኒኮላስ ለዐፄ ምኒልክ የነሐስ የሙዚቃ መሣሪያዎችን የላኩ ሲሆን፣ ሚሌቭስኪ የተባለ ፖላንዳዊም ኢትዮጵያውያንን እንዲያሠለጥን ተደርጓል። ቀጥሎ የመጣው ምዕራፍ ይበልጥ ይታወቃል። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን እ.ኤ.አ በ1924 ኢየሩሳሌምን በጎበኙ ጊዜ በአርመን ገዳም የሚኖሩ፣ ከዘር ማጥፋት የተረፉ 40 ወላጅ አልባ ሕፃናት በሙዚቃ ሰልፍ ተቀበሏቸው። አልጋ ወራሹም ልጆቹን ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። "አርባ ልጆች" በሚል ስያሜ የታወቀው ይህ ቡድን በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የመንግሥቱ ሙዚቃ ሆነ። ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥሙን የጻፉለትን የብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰውም ይኸው ኬቮርክ ነው። በ1923 ዓ.ም በተከናወነው የዘውድ በዓል የውጭ እንግዶች የሰሙት መዝሙር ይህ ነበር።

የጣሊያን ወረራ ይህን ሁሉ አቋረጠ። ከ1933 ዓ.ም በኋላ መንግሥት ሠራዊቱንና ፖሊሱን እንደገና ሲያደራጅ የሙዚቃ ክፍሎቹም አብረው ተቋቋሙ። ፖላንዳዊው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪችና ኦስትሪያዊው ፍራንዝ ዜልቬከር በመምህርነትና በመሪነት ሠርተዋል። የኬቮርክ የወንድም ልጅ የሆነው ነርሰስ ናልባንዲያን ደግሞ በማዘጋጃ ቤት ኦርኬስትራ፣ በኋላም በ1948 ዓ.ም በተመረቀው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ እስከ ዕለተ ሞቱ የዘለቀ አሻራ ትቷል። ነርሰስ ያረፈው እ.ኤ.አ በ1977 ነው። በዚህ ዘመን ከመምህራኑ ሥር የወጡት ሳህሌ ደጋጎ፣ ለማ ደምሰውና ግርማ ሃድጉን የመሳሰሉ ኢትዮጵያውያን አቀናባሪዎች ሥራውን ከውጭ አገር ባለሙያዎች ተረክበዋል።

በእነዚህ ተቋማት የአንድ ትራምፔት ተጫዋች የሥራ ሕይወት ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ገና በለጋ ዕድሜው በምልመላ ነው። ቤተሰብ የሌላቸው ወይም ከድሃ ቤተሰብ የተገኙ ወጣቶች ለሙዚቃ ክፍሉ ይመረጡ ነበር። የመጀመሪያው መሣሪያ ቁልፍ የሌለው የጦር ሰፈር ጥሩምባ ነው። በእሱ የሚገኙት በአንድ የቱቦ ርዝመት የሚወጡ ጥቂት ድምፆች ብቻ ናቸው፤ መቀስቀሻውም፣ ሰንደቅ ዓላማ ማውጫውና ማውረጃውም፣ የቀብር ሥነ ሥርዓት ዜማውም በእነዚሁ ጥቂት ድምፆች ይነገራል። ወጣቱ በዚህ ከንፈሩን ካጠነከረ በኋላ ወደ ማርሽ ባንድ ይገባል። በማርሽ ባንድ እየተራመደ መንፋትን፣ ኖታ ማንበብንና ከሌሎች ጋር እኩል መተንፈስን ይማራል። ወደ ኦርኬስትራ የሚዘልቁት ከእነዚህ መካከል የተሻሉት ናቸው።

የትራምፔት አሠራር ሲታይ ቀላል ይመስላል። ቱቦው ተጠምዝዞ እንጂ ቢዘረጋ ወደ አንድ ሜትር ተኩል ይጠጋል። ሦስቱ ቁልፎች በልዩ ልዩ መንገድ ሲጫኑ ሰባት የተለያዩ የቱቦ ርዝመቶችን ይሰጣሉ። የቀረው ሁሉ የከንፈር ሥራ ነው፤ በአንድ የቁልፍ አያያዝ ብቻ ከንፈርን በማጥበቅና በማላላት በርካታ ድምፆች ይወጣሉ። ስለዚህ ጣቱን ያስለመደ ሰው ትራምፔት ቻለ አይባልም። ረጃጅም ድምፆችን በየዕለቱ እየያዙ መለማመድ ግዴታ ነው፤ ልምምዱ ለሁለት ሳምንት ከተቋረጠ ከፍተኛዎቹ ድምፆች መራቅ ይጀምራሉ። የፊት ጥርሱን ያጣ ትራምፔት ተጫዋች ደግሞ ሙያውን ሊያጣ ይችላል። የሙዚቃ ክፍልን የሚያስተዳድር ኃላፊ ሊያጤነው የሚገባ አንድ ነጥብ እዚህ ላይ አለ። ትራምፔት ተጫዋችን ለስድስት ወር በሌላ የሥራ መደብ አሠርቶ "ሲፈለግ ይመለሳል" ማለት አይቻልም።

በኦርኬስትራ ውስጥ ደግሞ የሥራ ክፍፍል አለ። በአሜሪካ የተለመደው የትልቅ ባንድ አደረጃጀት አራት ትራምፔት፣ አራት ትሮምቦን፣ አምስት ሳክስፎንና ምት ጠባቂ መሣሪያዎችን ይይዛል። በኢትዮጵያ ቁጥሩ እንደየተቋሙ አቅም ይለያይ ነበር። መሪው ትራምፔት ከፍተኛውን ድምፅ ይይዛል፤ የጠቅላላው የነሐስ ክፍል አጀማመርና አቋረጥ የሚወሰነው በእሱ ነው። ሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ ብቸኛ ጨዋታውን ይወስዳል። የተቀሩት የኅብረ ድምፁን መካከለኛ ክፍል ይሞላሉ፤ ታዳሚው ለይቶ አይሰማቸውም፤ ሲጎድሉ ግን ሙዚቃው ባዶ ይሆናል። አዲስ ተቀጣሪ የሚቀመጠው በዚህ የመጨረሻ ወንበር ላይ ነው። ዕውቀት የሚተላለፈውም ከዚሁ ወንበር ነው። ወጣቱ ከአንጋፋው ጎን ለዓመታት ተቀምጦ የት እንደሚተነፍስ፣ ድምፃዊው ሲጀምር እንዴት ድምፁን እንደሚቀንስ፣ ዜማው ሲጋጋል እንዴት እንደሚመለስ ያያል። በወረቀት ላይ የማይጻፈው ትምህርት ይህ ነው። በወረቀት ላይ የሚጻፈውም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው፤ ፒያኖው "ዶ" ሲል ትራምፔት ነፊው በኖታው ላይ የሚያነበው "ሬ" ነው። አቀናባሪው ለእያንዳንዱ መሣሪያ ይህን ልዩነት አስልቶ መጻፍ ይኖርበታል።

የኢትዮጵያ ቅኝቶች ለዚህ መሣሪያ ፈተናም ዕድልም ሆነዋል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ በአምስት ድምፅ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። የአውሮፓ የኅብረ ድምፅ ሕግ ግን በሰባት ድምፅ ላይ የቆመ በመሆኑ አንድን የትዝታ ዜማ ለአራት ትራምፔት ማከፋፈል ቀላል አልነበረም። ነርሰስ ናልባንዲያንና ተከታዮቹ የደከሙበት ዋና ጉዳይ ይህ ነው። በሌላ በኩል ትራምፔት ነፊ በከንፈሩ ድምፁን በጥቂቱ ከፍና ዝቅ ማድረግ ስለሚችል፣ ፒያኖና አኮርዲዮን የማይደርሱባቸውን የአንቺ ሆዬ ረቂቅ ክፍተቶች ሊጠጋቸው ይችላል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ሸክላዎች ላይ የትንፋሽ ክፍሉ ከድምፃዊው ጋር የሚነጋገር እስኪመስል የተዋሐደው አለምክንያት አይደለም።

የሙያው ማኅበራዊ ደረጃም መነሳት አለበት። ሙዚቃን መተዳደሪያ ያደረገ ሰው በቀድሞው ኅብረተሰብ ዘንድ "አዝማሪ" እየተባለ ዝቅ ተደርጎ ይታይ ነበር። ጥሩምባ ነፊ ሲባል ደግሞ ብዙ ሰው የሚያስበው በንጋት በየመንደሩ እየዞረ ሞት የሚያረዳውን የዕድር ጥሩምባ ነፊ ነው። የደንብ ልብስ፣ ማዕረግና ደመወዝ ይህን አመለካከት ለውጠውታል። የክቡር ዘበኛ ሙዚቀኛ ወታደር ነው፤ ማዕረግ ይቀበላል፣ ያድጋል፣ ጡረታ ይወጣል። የግጥምና ዜማ ደራሲው አፈወርቅ ዮሐንስ እስከ ዛሬ "ሻምበል" ተብሎ የሚጠራው ለዚሁ ነው። ልጁ ሙዚቀኛ ሆነ ቢባል የሚያፍር አባት፣ ልጁ ክቡር ዘበኛ ገባ ሲባል አያፍርም።

ወታደር መሆን ግን ዋጋ ነበረው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም ክቡር ዘበኛ በሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ሳቢያ የሙዚቃ ክፍሉም ከመዘዙ አላመለጠም። ለእስር ከተዳረጉት መካከል ድምፃዊው ጥላሁን ገሠሠ አንዱ ነው። የሲቪል ተቋማት ሙዚቀኞች በአንጻሩ ከአንዱ ወደ ሌላው በመዘዋወር ሙያቸውን ማሳደግ ችለዋል። ስመ ጥሩው የሳክስፎን ተጫዋች ጌታቸው መኩሪያ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ገና በወጣትነቱ በማዘጋጃ ቤት ኦርኬስትራ ጀምሮ ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ከዚያም ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተሻግሯል። ሦስት መሥሪያ ቤት ቢቀይርም ቀጣሪው ያው መንግሥት ነበር። በ2008 ዓ.ም ሕይወቱ እስካለፈች ድረስ ስሙ ከትንፋሽ መሣሪያ ጋር ተያይዞ ኖሯል።

ከዋና ከተማዋ ውጪ የሙያው ዋና መጠለያ ክፍለ ጦሮች ነበሩ። የሦስተኛ ክፍለ ጦር መምሪያ በሐረር እንደመሆኑ የሙዚቃ ክፍሉም እዚያው ነበር፤ የክፍለ ጦሩ ኃላፊነት ደግሞ እስከ ኦጋዴን ይዘልቃል። ጅግጅጋ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ በውኃ ጉድጓዶች አጠገብ ከተተከለ ምሽግ የተነሣች ከተማ ስትሆን፣ በክፍለ ጦሩ ዘመንም የጦር ሰፈርነቷ ቀጥሏል። ቴአትር ቤት ባልነበረበት አካባቢ ኦርኬስትራ የሚባለው ነገር ሊደርስ የሚችለው በሠራዊቱ በኩል ነው። ለክፍለ ጦር ትራምፔት ተጫዋች አንድ ቀን የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት፣ በማግሥቱ የወታደር ቀብር፣ ቅዳሜ ማታ የመኮንኖች ክበብ ጭፈራ ነው። ሦስቱም በአንድ ከንፈርና በአንድ ደመወዝ ይሠራሉ።

በዚያድ ባሬ መንግሥት ወረራ ወቅት ጅግጅጋ በመስከረም 1970 ዓ.ም በወራሪው ጦር እጅ ወደቀች፤ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም ነፃ ወጣች። የካራማራ ድል በመባል የሚታወሰው ቀን ይህ ነው። በወቅቱ የኪነት ቡድኖች ወደ ግንባር ይላኩ ነበር፤ የነሐስ መሣሪያ ያለ ማጉያና ያለ መብራት ሜዳ ላይ የሚሰማ በመሆኑ ለዚህ ተስማሚ ነው። ይሁንና የጦርነቱ ዘመን ለሙያው የተወው ቅርስ ሁለት መልክ አለው። የሙዚቃ ክፍሎች በቁጥር በዝተዋል፤ የኪነት ቡድን እስከ ቀበሌ ወርዷል። የተዘጋጀው ሙዚቃ ግን በአመዛኙ የቅስቀሳ ማርሽ ስለነበር ትራምፔት ነፊው ከትዝታና ከባቲ ይልቅ የሰልፍ ዜማ ይነፋ ነበር።

ከምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል ወደ መሐል የሄደው መንገድም መረሳት የለበትም። የድሬዳዋው ዓሊ ቢራ በአፍራን ቀሎ ቡድን ውስጥ ካደገ በኋላ አዲስ አበባ ሄዶ በክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ሠርቷል። በ2015 ዓ.ም ያረፈው ይህ ድምፃዊ በቋንቋው ኦሮሚኛ በሙዚቃው ዘመናዊ ሆኖ እንዲሰማ ካደረጉት ተቋማት አንዱ ይህ ኦርኬስትራ ነበር። ለሶማልኛ ዘፈን ተመሳሳይ ዕድል በኢትዮጵያ ኦርኬስትራዎች ውስጥ በዚያ ስፋት አልተፈጠረም፤ ይህ እንደ ጉድለት ሊቆጠር ይገባል።

የግል ባንዶች ሲመጡ የትራምፔት ተጫዋች ቁጥር እየቀነሰ ሄደ። ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በአዲስ አበባ ሆቴሎችና ክበቦች የሚሠሩ አነስተኛ ባንዶች በረከቱ። ሆቴል ሰባት ወይም ስምንት ሰው ሊከፍል ይችላል፤ አሥራ ሰባት ሊከፍል አይችልም። አራት የነበረው ትራምፔት አንድ ሆነ። በሂልተን ሆቴል ለዓመታት የሠራው ዋሊያስ ባንድ ለዚህ ዋነኛ ማሳያ ነው። ባንዱ እ.ኤ.አ በ1977 ባሳተመው "ቸ በለው" በተሰኘው ሸክላ ላይ የትራምፔቱን ቦታ የያዘው ዮሐንስ ተኮላ ብቻውን ነው። ከእሱ ጋር ሞገስ ሀብቴና አበበ ካሣ በሳክስፎን፣ ኃይሉ መርጊያ በኦርጋን፣ ግርማ በየነ በፒያኖ፣ ሙላቱ አስታጥቄ በቫይብራፎን ተሰልፈዋል። ሸክላውን የሚያዳምጥ ሰው አንድ ትራምፔት ከሁለት ሳክስፎን ጋር ተባብሮ የትልቅ ኦርኬስትራን መልክ ለመስጠት ምን ያህል እንደሚደክም ይሰማል። ወቅቱ የሰዓት እላፊ ዘመን በመሆኑ ታዳሚው ሌሊቱን ሙሉ ተዘግቶበት ይቆይ፣ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወት ነበር። ለከንፈር ይህ ቀላል ሸክም አይደለም።

ዋሊያስ ባንድ እ.ኤ.አ በ1981 ወደ አሜሪካ ተጉዞ ሥራውን አቀረበ። ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ እዚያው ሲቀሩ የተቀሩት ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከአራት ዓመት በኋላ ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን አንድ ካሴት አወጣ፤ አኮርዲዮኑን፣ ኪቦርዱንና የከበሮውን ማሽን ለብቻው ተጫውቶ የቀረፀው ነው። ኋላ በታክሲ ሹፌርነት ሲተዳደር ቆይቶ፣ ይህ ካሴት እ.ኤ.አ በ2013 እንደገና ሲታተም ወደ ዓለም አቀፍ መድረክ ተመልሷል። የኪቦርድ ተጫዋች ብቻውን ቀርቶም ሙዚቃ መሥራት እንደሚችል ካሴቱ አሳይቷል። ለትራምፔት ተጫዋች ግን ይኸው ካሴት መጥፎ ዜና ነበር። የነሐሱን ክፍል ድምፅ የሚያወጣ መሣሪያ በአንድ ሰው እጅ ገብቷል። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ በአገር ቤትም ካሴት አሳታሚው ለአራት ነፊ ከሚከፍል ይልቅ ለአንድ ኪቦርድ መክፈልን መረጠ።

ያለ መንግሥት ደመወዝ ትልቅ ባንድ ማቆየት ፈጽሞ አይቻልም ማለት አይደለም። አሜሪካዊው ዱክ ኤሊንግተን ኦርኬስትራውን ለ50 ዓመት ገደማ ይዞ ቆይቷል። በኅዳር 1966 ዓ.ም አዲስ አበባ መጥቶ ዝግጅቱን ሲያቀርብም የኢትዮጵያ ሙዚቀኞች በቅርብ አይተውታል፤ ሙላቱ አስታጥቄም አብሮት ነበር። ኤሊንግተን ግን ሰዎቹን ሥራ በሌለበት ወቅት ሳይቀር መቅጠር የቻለው ከደረሳቸው ዘፈኖች በሚያገኘው የባለቤትነት ክፍያ ነው። የቅጂ መብት ክፍያ በአግባቡ በማይሰበሰብበት አገር ያ መንገድ ዝግ ነው።

ወደ ምሥራቅ ሲታይ ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። በሶማሊያ ፖሊስ "ሄጋን"፣ ጦር ሠራዊቱ "ሆርሴድ"፣ የትምህርት ሚኒስቴር "ኢፍቲን" የተባሉ ባንዶችን ይዘው ነበር፤ "ዋበሪ" ደግሞ ብሔራዊው ቡድን ነው። በጂቡቲ የገዥው ፓርቲ ባንድ ስሙን ያገኘው ፓርቲው ከተመሠረተበት እ.ኤ.አ መጋቢት 4 ቀን 1979 ነው። እ.ኤ.አ በ1943 የተመሠረተው ሬዲዮ ሐርጌሳ የብዙ ሺህ ዘፈኖች መዝገብ ሆነ። እ.ኤ.አ በ1988 ሐርጌሳ በአውሮፕላን ስትደበደብ ሠራተኞችና የሥነ ጥበብ ሰዎች የድምፅ ክሮቹን ከመሬት በታች ቀብረውና ወደ ሌላ ቦታ አሽሽተው አተረፏቸው። በዚያን ጊዜ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ድንበር ተሻግሮ በጅግጅጋ አካባቢ፣ በተለይም በሐርትሼክ፣ ተጠልሏል። የድምፅ ክር ከፈንጂ ሊተርፍ ይችላል፤ የተበተነ የትንፋሽ ክፍል ግን ተቀብሮ አይቆይም።

የሶማሌ ዘፈን ለትራምፔት የማይስማማ ነው የሚለው ግምት ትክክል አይደለም። የሶማሌ ዜማም እንደ አማርኛው በአምስት ድምፅ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ ለትዝታና ለባቲ የተጻፈውን የለመደ ነፊ ብዙ አይቸገርም። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። በሶማሌ ዘፈን ግጥሙ ቀዳሚ ነው፤ በየስንኙ አንድ ዓይነት ፊደል የሚመላለስበት ሕግ ስላለ አድማጩ ጆሮውን ቃሉ ላይ ተክሎ ይጠብቃል። ዋናው አጃቢ ዑድ የሆነውም ቃሉን ስለማይሸፍን ነው። ስለዚህ አቀናባሪው ትራምፔቱን ስንኙ እስኪያልቅ ዝም ማሰኘት፣ ከዚያም በአጭሩ መልስ እንዲሰጥ ማድረግ ይጠበቅበታል። ይህን ማስተካከል የሚችለው ግጥሙን በቋንቋው የሚረዳ አቀናባሪ ነው፤ ከሌላ ቦታ በተላከ ኖታ አይሆንም።

በ1983 ዓ.ም የደርግ ሠራዊት ሲበተን የምድር ጦርና የክፍለ ጦሮቹ ሙዚቀኞችም ከሥራ ውጪ ሆኑ። ከመካከላቸው በየምሽት ቤቱ የቀጠሉ፣ በግል የሚያስተምሩ፣ ሙያቸውን ጨርሰው የተዉም አሉ። ትራምፔት በደመወዝ የሚነፋባቸው ቦታዎች ዛሬም በአመዛኙ የመከላከያና የፖሊስ ማርሽ ባንዶች እንዲሁም ብሔራዊ ቴአትር ናቸው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የምዕራባውያን መሣሪያዎችን ያስተምራል፤ የተመራቂው ችግር ከትምህርቱ በኋላ ከጎኑ የሚቀመጥ አንጋፋ ማጣቱ ነው። በሚያስገርም ሁኔታ ያንን የቆየ የትንፋሽ ክፍል ቅንብር ዛሬ በብዛት የሚጫወቱት የውጭ አገር ሰዎች ናቸው። የቦስተኑ "ኢዘር ኦርኬስትራ" እ.ኤ.አ በ2004 አዲስ አበባ መጥቶ የኢትዮጵያን ዜማዎች በትልቅ ባንድ አቅርቧል። የኔዘርላንዱ "ዘ ኤክስ" እ.ኤ.አ በ2006 ከጌታቸው መኩሪያ ጋር "ሞዐ አንበሳ" የተባለውን አልበም አውጥቷል። የፈረንሳዩ "አካሌ ውቤ" ደግሞ እ.ኤ.አ በ2017 ከግርማ በየነ ጋር ሠርቷል።

በክልልም ሆነ በከተማ ደረጃ የትንፋሽ ክፍል ለማቋቋም የሚያስብ አካል በመጀመሪያ የሚያስላው ብዙውን ጊዜ የመሣሪያ ግዥን ነው። ግዥው ግን አንድ ጊዜ ብቻ የሚወጣ ወጪ ሲሆን፣ ከጠቅላላው ትንሹም እሱ ነው። ትልቁ ወጪ አንድ ቋሚ መምህርና ቢያንስ ለሦስት ወይም ለአራት ዓመት ሳይዛወሩ የሚቆዩ ሠልጣኞች ናቸው። አንድ ጀማሪ ከማርሽ ባንድ ወደ ኦርኬስትራ ወንበር ለመድረስ ይህን ያህል ጊዜ ያስፈልገዋል። ኖታውን ለአካባቢው ዜማ የሚጽፍ ሰውም ከመጀመሪያው ጀምሮ መታሰብ አለበት፤ በጅግጅጋ ይህ ሰው ሶማልኛ አዋቂ መሆን ይኖርበታል። የቁልፎቹ ዘይት፣ የውስጥ ማጽጃ ብሩሽና ትርፍ የቁልፍ ምንጮች በዓመታዊው የዕቃ ዝርዝር ውስጥ ሊገቡ ይገባል፤ እነዚህ በግዥ ሰነድ ላይ ብዙ ጊዜ የሚረሱ ትናንሽ ነገሮች ናቸው። በመጋዘን ሳይነካ የከረመ ትራምፔት ቁልፎቹ ይነክሳሉ፣ የማስተካከያ ቱቦዎቹም ተጣብቀው ይቀራሉ፤ በኃይል የሚስባቸው ሰው ደግሞ ይሰብራቸዋል።